ስቱኮው ይቆይ፣ መጀመሪያ ውሃው በየት ገባ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

መስከረም ሲጠባ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዝገት ናቸው። ሰው ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የነዳውን መኪና አጥቦ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፣ ከዚያ ሰኔ ላይ ያልነበረ እብጠት ቀለሙ ላይ ያያል። በዚህ ዕትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የመጡትን አንድ ላይ ሰብስቤያለሁ። ደብዳቤዎቹ አጥረዋል፣ ሐሳባቸው ግን እንዳለ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። መኪናዬ ከአባቴ የወረስኩት የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ፓራፋንጎው ላይ ቀለሙ ተነፍቷል፣ በጣት ስጫነው ይፈረፈራል። ከበሩ ስር ያለው ላሜራም እንደዚያው ነው። ባትላሜራ ቤት የነገሩኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ግራይንደር የሚያውሰኝ ጓደኛ አለ፣ ግቢያችንም ሰፊ ነው። ራሴ ልሠራው እችላለሁ? በስቱኮ፣ ማለትም ተቦክቶ በሚደርቀው መሙያ፣ ብቻ ይዘጋል ያሉኝም አሉ።

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ። ፓራፋንጎውን ራስህ ትሠራዋለህ። ከበሩ ስር ያለውን ግን ለባለሙያ ተወው፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

በስቱኮ ብቻ ይዘጋል ያሉህን አትስማቸው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፣ ቀለሙን ከስር የሚነፋው ለዚህ ነው። ያየኸው እብጠት የነገሩ መጨረሻ ነው። ዝገቱ ከውስጥ በኩል ጀምሮ ላሜራውን ሲበላ ቆይቶ ነው አሁን ወደ ውጭ ብቅ ያለው። በላዩ ላይ ስቱኮ ብትለጥፍበት ለጥቂት ወራት ያምርልሃል። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፣ ከኋላው ያለው ቀዳዳ ደግሞ አሁንም ክፍት ነው፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት ከነቀለሙ ተገንጥሎ ይወድቃል።

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ብዙ ሰው የሐይቁ አየር ነው መኪናችንን የበላው ይላል። እርጥበት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ጣና ጨዋማ አይደለም። ዝገትን በጣም የሚያፋጥነው ጨው ነው፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚውል መኪና የሚያገኘው ዓይነት ችግር እኛ ጋ የለም። የእኛ ችግር ጭቃው ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። ከአስፋልቱ ወጥተህ ወደ ሰፈር ስትታጠፍ የሚጠብቅህ ዋልካ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ጎማው ያንን ጭቃ አንስቶ ፓራፋንጎው ውስጥ ይለጥፈዋል። እዚያ የላሜራው ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፣ ጭቃውም እጥፋቱ ላይ ይቀመጣል። ከላይ ስታየው የደረቀ ይመስልሃል፣ ከስሩ ግን እስከ ጥቅምት ኅዳር ድረስ እርጥብ ሆኖ ብረቱን ይበላል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በማጠብ ነው። መኪናውን በክሪክ አንሳ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አግድ፣ ከተነሳው ጎን ስር ደግሞ ጠንካራ መደገፊያ አስገባ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እጅህንም አታስገባ፣ ብሎኬትም አትመን፣ ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። ጎማውን ፍታና የፓራፋንጎውን ውስጥ በውሃ ጎማ እጠብ፣ እጥፋቱን በጣትህ እየዳሰስክ ጭቃውን አውጣ። ቀጥሎ ከበሮቹ ስር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ፈልግ። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ውስጥ የሚወርደው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው፣ በአሸዋና በቅጠል ሲደፈኑ በሩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። በቀጭን ሽቦ ክፈታቸው። ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ አንተ ከውጭ ጣሪያው፣ መስታወቶቹና የኋላ ሻንጣው ላይ ውሃ ልቀቅበት። ውሃ በየት እንደሚንጠባጠብ ያኔ ታየዋለህ። ያረጀ ጎሚኒ (የመስታወትና የበር ዙሪያ ጎማ) ካለ እሱ ሳይቀየር ሌላ ሥራ አትጀምር።

ሲደርቅልህ ካቻቢቴ አንሳና እብጠቱን በጫፉ እየወጋህ ሂድ። አትራራለት። ደህና ብረት ይመልስሃል፣ የተበላው ይበሳል። ማግኔት ካለህም በላሜራው ላይ አስኪደው፣ የማይዝበት ቦታ ላይ ከዚህ በፊት የተለጠፈ ስቱኮ አለ ማለት ነው። ከአባትህ የመጣ መኪና ስለሆነ ይህን ማየት አይቅር፣ ከስቱኮው ስር ሌላ ቀዳዳ ልታገኝ ትችላለህ።

አሁን ከበሩ ስር ያለውን ለምን እንዳትነካ እንዳልኩህ። ኮሮላ እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው የቆመ ሻንሲ፣ ማለትም ክብደቱን የሚሸከም የብረት አጽም፣ የለውም። አካሉ ራሱ ነው ሻንሲው። ከበሩ ስር የሚያልፈው ሳጥን የመኪናውን የፊትና የኋላ ክብደት አያይዞ ይይዛል። እሱ ተበልቶ በስቱኮ ተሸፍኖ ከሆነ ከውጭ ያማረ መኪና ይሆናል፣ አደጋ ሲደርስ ግን የሚታጠፈው እዚያ ጋ ነው። የደኅንነት ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ፣ ሾክ አብዞርበሩ የሚያርፍበት፣ የፊትና የኋላ እግሮቹ (ጎማዎቹን ከአካሉ የሚያያይዙት ብረቶች) የሚታሰሩበትም እንደዚሁ ናቸው። እነዚህ በደንብ በይዶ በሚያውቅ ሰው ብቻ ይሠሩ።

ገንዘብህን የሚቆጥብልህ መንገድ ሥራውን መካፈል ነው። ባትላሜራ ቤት ከምትከፍለው ውስጥ ብዙው የሚሄደው ለመፈታታት፣ ለመፋቅና ለማለስለስ ለሚጠፋው ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ አንተ ሥራው። የሚበየደውን ቦታ አፅድተህ፣ ቆርጠህ፣ መለጠፊያውን ላሜራ በልኩ አዘጋጅተህ ከጠበቅከው የበያጁ ሥራ ያጥራል። አስቀድመህ ግን ተነጋገሩ፣ ሁሉም በያጅ ሌላ ሰው የጀመረውን መቀጠል አይወድም።

ፓራፋንጎውን እንዲህ አድርገህ ሥራው። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ የተሰጣ በርበሬ ወይም እህል ካለ ይነሳ፣ ልጆችም ይራቁ። የድሮ መኪና ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙ ለልጅ አደገኛ ነው። የዓይን መከላከያ፣ ጓንትና ጥሩ ማስክ አድርግ። ከዚያ ቀለሙን ከእብጠቱ ዙሪያ ቢያንስ እስከ አራት ጣት ስፋት ድረስ ፋቀው። የሚያብለጨልጭ ብረት እስክታገኝ አታቁም። ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ የቀረበት ቦታ ላይ ዝገት መቀየሪያ የሚባለውን ፈሳሽ መጠቀም ትችላለህ። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ነው፣ የቀረውን ዝገት ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለውጠዋል። በሚፈረፈር ዝገት ላይ ግን አይሠራም፣ እሱ መፋቅ ነው ያለበት። እቃው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ሰዓትም አክብር።

የፋቅከውን ብረት ራቁቱን አታሳድረው። በአንድ ሌሊት ጤዛ ብርቱካንማ ሆኖ ታገኘዋለህ። የምትጨርሰውን ያህል ብቻ ፋቅ፣ በዚያው ቀን ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባውን ስረኛ ሽፋን፣ ቀባው።

ቀዳዳ ካለ መጀመሪያ ብረት ይግባበት። ደህና ብረት እስክታገኝ ቆርጠህ አውጣ፣ የቆረጥከውን ቦታ በወረቀት ለካና ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ መለጠፊያ ቁረጥ። ማዕዘኖቹን ክብ አድርጋቸው፣ ሹል ማዕዘን በኋላ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ አደራ የምልህ ነገር አለ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ አትጠቀም። ቆርቆሮ በጣም ቀጭን ነው፣ ዚንክም የተቀባ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። በያጁም በተራ ኤሌክትሮድ ቢሞክረው ቀጭኑን ላሜራ ይበሳዋል እንጂ አይበይደውም። የጋዝ ብየዳ ወይም በቀጭን ሽቦ የሚሠራው ይሻላል፣ እሱም በአንድ መስመር ሳይጎትት አንዱን ነጥብ እዚህ ሌላውን ራቅ አድርጎ እያቀዘቀዘ ነው መሥራት ያለበት። አለበለዚያ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል፣ ያ ጥመት ደግሞ በስቱኮ ክምር ካልሆነ አይስተካከልም።

ከብየዳው በፊት የባትሪውን ገመድ ፍታ። የኋላ ወንበር፣ ምንጣፍና ስፖንጁ ይውጡ። ነዳጅ የሚሞላበት አንገት በአንደኛው ጎን ከዚያው ፓራፋንጎ ጀርባ ነው የሚያልፈው፣ በዚያ በኩል የሚበየድ ከሆነ የነዳጅ ጋኑ ወርዶ ከአካባቢው ይራቅ። ባዶ ጋን ከሙሉው የበለጠ ይፈነዳል፣ ምክንያቱ በውስጡ የቀረው የነዳጅ ተን ነው። አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብህ ይሁን። ብየዳው ካለቀ በኋላም ወዲያው አትሂድ፣ በላሜራው መሐል የቀረ ጨርቅ ሳይታይ ተዳፍኖ ቆይቶ ይነሳል።

ስቱኮ አሁን ነው የሚመጣው። ንፁህ፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የተሻከረ ብረት ላይ። ስቱኮውን የሚያደርቀው ሀርድነር ከስቱኮው ክብደት 2 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። የፀሐዩን ሙቀት አስብ፣ በባሕር ዳር ቀትር ላይ ካቦካኸው በጥቂት ደቂቃ እጅህ ላይ ይደርቃል፣ ስለዚህ ጠዋት ሥራ፣ ትንሽ ትንሽ አቡካ። ሀርድነር ማብዛት ሥራ አያፋጥንም፣ በኋላ ቀለሙ ላይ ቢጫ እድፍ ያወጣብሃል። ውፍረቱ ከ2 እና 3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። ከዚያ በላይ ካስፈለገህ ላሜራው አልተስተካከለም ማለት ነው፣ ወደ መዶሻው ተመለስ። ብርጭቆ ወረቀቱን በጣትህ ሳይሆን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ ፋቀው፣ በጣት ከፋቅከው ቀለም ሲቀባ ሞገድ ሆኖ ይታይሃል። በ80 ጀምር፣ በ180 ቀጥል፣ በ320 ጨርስ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ተመልሰህ ከውስጥ በኩል ግባ። ብየዳው የነካው የውስጠኛው ገጽ ቀለም ተቃጥሏል፣ ራቁቱን ነው። ብዙ ሰው የውጩን ቀብቶ ውስጡን ይረሳዋል፣ ዝገቱም ከዚያው ይመለሳል። አንቲረስት (ዝገት የሚከላከለውን ቀለም) ቀባው፣ ሲደርቅ ሰም ወይም ንፁህ ግሪስ ደርብበት።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ሽምብጥ ነው ቤቴ። የድሮ ቮልስ አለችኝ፣ አሁንም ቅዳሜ ገበያ የምሄደው በእሷ ነው። ከኋላ ወንበሩ ስር ወለሉ ተበልቶ መሬቱ ይታየኛል። ዝናብ ሲሆን ምንጣፉ ይረጥባል። ላሜራ በሪቬት መትቼ ብዘጋው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቀዳዳው በቀኝ በኩል ከሆነ ጥፋተኛው ባትሪው ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው። ሲሞላ የሚወጣው የአሲድ ተንና የሚፈሰው ጠብታ ወለሉን ይበላዋል፣ የምንጣፉ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል።

ሪቬቱን ከመምታትዎ በፊት ባትሪውን ያውጡና ቦታውን ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጡበት ውሃ ይጠቡት። አረፋ እስኪያቆም ይደጋግሙ። አሲዱ ሳይጠፋ የሚገባ አዲስ ላሜራ የዚያው እጣ ይደርሰዋል። ከዚያ በካቻቢቴ ወግተው ዙሪያውን ይመልከቱ። ጉዳቱ የእጅ መዳፍ የምታህል ከሆነች ቆርጦ ማስበየድ ነው። ሪቬት ለጊዜው ያገለግላል፣ ግን ባትሪ የሚሸከም ወለል ነው፣ መንገዱ ሲያነቃንቀው ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፣ በላሜራዎቹ መሐል የሚገባው ውሃም አይወጣም። ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ የቮልስ ወለል በግራና በቀኝ ተከፍሎ መቀየር የሚችል ነው፣ መሐል ላይ ካለው ቱቦ ጋር ይበየዳል፣ ከአካሉ ጋር ደግሞ በብሎን ይታሰራል። ይህን የሠራ ባለሙያ ፈልገው ያሠሩት።

ከበሮቹ ስር ያለውን ሳጥንም ያስመርምሩ። በቮልስ ላይ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፈው በእሱ ውስጥ ነው፣ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዘውም እሱ ነው። እሱ የሚቆረጥ ከሆነ የበሩ ክፍተት አስቀድሞ በብረት መደገፍ አለበት፣ ካልሆነ አካሉ ይታጠፍና በሩ ዳግመኛ ልክ አይገጥምም። በቤት አይሞከርም።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ያድርጉ። የኋላ ወንበሩ ስር ብረት ስፕሪንግ አለ። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ወንበሩ ይቀጣጠላል፣ በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። ባትሪው የላስቲክ ክዳን ይኑረው፣ ክዳን ካጡ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቆርጠው ያልብሱት። ምንጣፉን የሚያረጥበው ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት መስታወቱ ጎሚኒ ነው የሚገባው፣ ወለሉን ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። እሱን ሳይቀይሩ ወለሉን አያሠሩ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምሠራው። ጓደኞቼ ዝገትን በኮካ፣ በሎሚ፣ በአቼቶ፣ እንዲያውም በባትሪ አሲድ ያጸዳሉ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሎሚና አቼቶ ይሠራሉ፣ ግን ተፈትቶ ለሚዘፈዘፍ ትንሽ ዕቃ ነው። ብሎን፣ ማጠፊያ፣ የመስታወት መያዣ የመሳሰለውን አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ አሳድረው፣ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ በሶዳ ውሃ አለቅልቀውና ወዲያውኑ ፀሐይ ላይ አድርቀህ ቀባው። ካቆየኸው እዚያው ዓይንህ ፊት መልሶ ይዝጋል። ኮካ ፎስፎሪክ አሲድ አለው፣ ነገር ግን በጣም ቀጭን ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ይጣበቃል። ለመጠጥ ይቆይ።

የባትሪ አሲድ አይሆንም። ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። በላሜራዎች መጋጠሚያ ውስጥ ከገባ በውሃ ታጥቦ አይወጣም፣ ቀለም ከተቀባም በኋላ ከውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። ይህን የሚያደርግ ጓደኛ ካለህ አስተወው።

የባጃጅህን ወለል ግን እየው። ተሳፋሪ በጭቃ እግሩ የሚወጣበት ነው፣ ከላስቲክ ምንጣፉ ስር ክረምቱን ሙሉ አይደርቅም። ማታ ማታ ምንጣፉን አንስተህ አሳድረው፣ ከሁሉም መድኃኒት ይህ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሰላም። የቪትዜን የፊት በር ዝገት ራሴ ፍቄ በስፕሬይ ቀለም ቀባሁት። ነሐሴ ላይ ነበር፣ ዝናቡ ቆም ሲል። ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ የለበሰ መሰለ፣ ከወር በኋላ ደግሞ እንደገና ተነፋ። ምኑን ነው ያበላሸሁት?

መልስ፦ እህቴ፣ የመረጥሽው ወር ነው ያበላሸብሽ። ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው እዚያ ቀለሙ ላይ ይጤዛል፣ ያ ነው ነጩ ጭጋግ። እንደገና መነፋቱ ደግሞ ቀለሙ ስር እርጥበት ወይም ያልወጣ ዝገት ስለቀረ ነው። ተራ ፕራይመር ብዙዎቹ ውሃ ያሳልፋሉ። ፕራይመር ቀብተሽ ቀለሙን ሳትደርቢ ዝናብ ያገኘው ከሆነ፣ ወይም ጤዛ ያደረበት ከሆነ፣ ያን ውሃ አብረሽ ነው የቀባሽው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ጠብቂ። ጠዋት ጤዛው ተንኖ ላሜራው በእጅ ሲነካ ለብ ሲል ጀምሪ፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ ጨርሺ። ያ ነፋስ አቧራውን ሁሉ አምጥቶ እርጥብ ቀለም ላይ ነው የሚጥለው። ቀጥታ ፀሐይ ላይም አትቀቢ፣ ጥላ ይሁን። ከመጀመርሽ በፊት አቧራ እንዳይነሳ መሬቱን ውሃ እርጪው።

የድሮውን እስከ ብረቱ አውርጂው። እጅሽ የነካውን ሁሉ ቲነር በነከረ ንፁህ ጨርቅ ጥረጊ፣ የእጅ ቅባት ቀለም አያስይዝም። ካገኘሽ ኤፖክሲ ፕራይመር ግዢ፣ እሱ ውሃ አያሳልፍም። ፕራይመሩን በ400 ወይም በ600 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አለስልሺና በደንብ አድርቂው። ቀለሙን በቀጫጭን ዙር ነው የምትቀቢው፣ በየዙሩ መሐል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። የመጀመሪያው ዙር ስሩን ሙሉ በሙሉ ባይሸፍነው አትጨነቂ፣ ያን ለመሸፈን ብለሽ ስታበዢው ነው የሚንጠባጠበው። የወረቀት ፕላስተሩንም ልክ በጥገናው ጠርዝ ላይ አትለጥፊ፣ መስመሩ ይታወቃል። እስከ በሩ እጥፋት ድረስ ወስደሽ እዚያ ጨርሺ።

ሀርድነር የሚጨመርበትን ቀለም በኮምፕረሰር ልቀባ ብለሽ ካሰብሽ ግን ተይው። አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለው፣ ተራ ማስክ አያስቆመውም፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያመጣ ይችላል። አንቺ ፕራይመሩን እስከማለስለሱ አድርሺውና የመጨረሻውን ቀለም ቀለም ቤት አስቀቢው። ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን የበሩ ስር ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸውን እይ። በር ከታች የሚዝገው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ በቆመ ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ፣ ከሐሙሲትና ከወረታ ሩዝ የምጭንበት ሂሉክስ አለኝ። ዝገት እንዳይዘው በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከስር የተቃጠለ ዘይት አስረጨዋለሁ። ልክ ነው ይላሉ? ካትራሜ (ጥቁሩ ሬንጅ) ይሻላል የሚሉም አሉ።

መልስ፦ አልመክርዎትም። ዘይት ውሃ ይከላከላል፣ ይህ እውነት ነው። የተቃጠለው ግን ከሞተሩ የወጣ አሲድና የብረት ብናኝ አለው፣ ቆዳ ላይ ሲደጋገም ካንሰር የሚያመጡ ነገሮችም አሉበት፣ የሚረጨው ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጓንት ነው። የእግሮቹን ጎሚኒና የፍሬን ቱቦ ጎማ ያላላል። ፍሬኑ ላይ ከተንጠባጠበ ምን እንደሚከተል እርስዎ ያውቁታል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ደግሞ አጥቦ ወደ ቦዩ ይወስደዋል፣ ቦዩ የሚሄደው ወደ ጣና ነው። ሐይቁ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፣ ከምዝገባው በላይ ግን ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን፣ ውሃውን የሚጠጣም ሰው አለ። በዚሁ ምክንያት መኪናውን ሐይቁ ዳር ወስደው አይጠቡት፣ ላባጆ ይውሰዱት።

ካትራሜ በንፁህና ደረቅ ብረት ላይ ከሆነ ጥሩ ሽፋን ነው። ዝገት ላይ ሲቀባ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ሲቆይ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከላይ ጥቁር ሆኖ ሲያዩት ደህና ይመስላል። የድሮ መኪና ሲገዙ ከስሩ አዲስ ካትራሜ የተቀባ ከሆነ በካቻቢቴ ሳይወጉ ገንዘብ አይክፈሉ።

የእርስዎ መኪና ሻንሲ ሳጥን ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው ጭቃ በየቀዳዳው እየገባ እዚያ ይቀመጣል፣ ከውጭ የሚረጩት ዘይት ደግሞ ውስጡን አይደርስበትም። ስለዚህ ጥቅምት ላይ የውሃውን ጎማ በሻንሲው ቀዳዳዎች አስገብተው የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ያሳጥቡት። ለቀናት ፀሐይ ይምታው። የላላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ያስፍቁ፣ ራቁቱን የቀረውን አንቲረስት ያስቀቡ፣ ከዚያ ንፁህ ግሪስ በአዲስ ዘይት አቅጥነው በቀጭን ቱቦ ወደ ሳጥኑ ውስጥ ያስረጩ። ግሪሱ እንዲላላ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት እንጂ ከሰል ላይ አያሙቁት። ከስር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በግሪስ እንዳይደፈኑ በሽቦ ይክፈቷቸው።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በትንሽ መዶሻ እየመቱ ይሂዱ። ደህናው ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። ከኋላ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) የሚታሰርበት ላይ ከታፈነ አንድም ኩንታል አይጫኑበት፣ ባዶውን በቀስታ ነድተው በቀጥታ ብየዳ ቤት ያድርሱት።